የቦዩ ዳር ሯጭ

ሴፕቴምበር 2021፣ ሰኞ ጠዋት 8፡15 ላይ፣ ሆፍማን የሚባል የአኩሪ አተር ገበሬ 911 ደውሎ «መንገዱ ዳር ጉድባ ውስጥ ሰው ተኝቷል፤ የሚነሳ ግን አይመስለኝም» አለ።

እኔ ሰብለ ነኝ። ከኮሎምበስ በስተደቡብ ያለውን ሜዳ አገር በሚጠብቀው የሸሪፍ ቢሮ ውስጥ መርማሪ ሆኜ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ጉልበቴ ያመኛል። ኮቪድ ከገባ ወዲህ ግማሹ ሰው ሥራ ስለለቀቀ የሁለት ሰው ፋይል ተሸክሜ ነው የምዞረው። እውነቱን ለመናገር «ደክሞኛል» ማለቱም ደክሞኛል።

ስደርስ ባልደረባዬ ኮልማን ቢጫውን ቴፕ ዘርግቶ ጨርሷል። በግራም በቀኝም አኩሪ አተርና በቆሎ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ጉብታ እንኳ የለም።

«ሂት ኤንድ ራን» አለኝ ማስኩን ወደ አፍንጫው እየሳበ። «ሯጭ ነው። መኪና ገጭቶት አምልጧል። ስልክ የለ፣ መታወቂያ የለ፣ ቁልፍ የለ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀጭን ነው፤ ቁምጣ ለብሷል፤ ግራ እጁ ላይ መስታወቱ የተሰነጠቀ የሩጫ ሰዓት አለ። የየት አገር ሰው እንደሆነ ለማወቅ ፓስፖርት አላስፈለገኝም።

«የኛ ልጅ ነው» አልኩ።

«የማን ልጅ?»

«ሐበሻ ነው፣ ኮልማን። ያገሬ ልጅ ነው።»

«አይ አም ሶሪ» አለ። ደግ ሰው ነው፤ ሁሉን ነገር ቶሎ መዝጋት ይወዳል እንጂ።

ጫማውን ገልብጬ አየሁት። የሶሉ ጥርሶች መሃል ነጭ የድንጋይ ዱቄት ተጠቅጥቋል። መንገዱ ደግሞ ጥቁር አስፋልት ነው። የብሬክ ምልክት የለም፣ የመብራት ስብርባሪ የለም።

«ይሄ ልጅ እዚህ አልተገጨም» አልኩ።

«እንዴት?»

«ታላቅ ወንድሜ ለክለብ ይሮጥ ነበር። የኛ ሯጭ አስፋልትን በሳምንት አንዴ ነው የሚነካው፣ እሱንም በሌላ ጫማ። ይሄ የአፈር ጫማ ነው።»

ከዚያ ግማሽ ማይል በስተምሥራቅ አሮጌው ቦይ አለ። ድሮ ጀልባ ይሄድበት ነበር። ጀልባውን የሚጎትቱት በቅሎዎች የረገጡት መንገድ እስከ ዛሬ በቦዩ ዳር ወደ ሎክቦርን መንደር ቀጥ ብሎ ይሄዳል። መኪና አይፈቀድም፣ ትራክተር ግን ይገባል። የተነጠፈበት ጠጠር ነጭ ነው።

ኮልማን ተነፈሰ። «እሺ፤ ማን አመጣው ታዲያ?»

«እሱን ባውቅ ቤቴ ሄጄ እተኛ ነበር።»

መጀመሪያ የተያዘው ራሱ ሆፍማን ነው። የፒካፑ አፍንጫ ተጨራምቶ ግሪሉ ላይ ደም አለ።

«አጋዘን ነች» አለኝ እየተቆጣ። «ዓርብ ዕለት። ኢንሹራንስ ጋ ደውዬ አስመዝግቤአለሁ።»

«ሁሉም አጋዘን ነው የሚለው።»

«ሌዲ፣ ሰው ገጭቼ 911 የምደውል ጅል እመስላለሁ?»

አይመስልም። ቢሆንም ደሙን ላብ ላክነው። ማክሰኞ ከሰዓት ውጤቱ መጣ፤ አጋዘን። አንድ ቀን ሙሉ ገደል ገባ።

በዚያው ሰዓት አስከሬን መርማሪዋ ሐኪም ደወለችልኝ። «በዝግታ የሚሄድ መኪና ከኋላ ነው የመታው። ዳሌው ተሰብሯል፤ የገደለው የውስጥ ደም መፍሰስ ነው። ሌላ አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። ሆዱ ውስጥ በውሃ የተበጠበጠ የእህል ዱቄት አገኘሁ። ምን እንደሆነ አላወቅኩም። ከመመታቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው የጠጣው።»

«ገብስ ነው?»

«ሊሆን ይችላል። እንዴት አወቅሽ?»

በሶ ነዋ! ወንድሜ ያለ በሶ ከበር አይወጣም ነበር። ግን በሶ በእጅ ተይዞ አይሮጥም። ልጁ ላይ ጠርሙስ አልተገኘም፤ በቦዩ ዳርም ሁለት ማይል ሄደን ፈልገን ምንም አላገኘንም። ስለዚህ ያን ጠዋት አንድ ሰው በሶ በጥብጦ አቀብሎታል፣ ጠርሙሱንም መልሶ ወስዷል። ያ ሰው ደግሞ እስካሁን ድምፁን አላሰማም።

ከሁሉ የገረመኝ የጠፋ ሰው አለ ብሎ የደወለ አንድም ሰው አለመኖሩ ነው። ሐበሻ ሦስት ሰዓት ስልክ ካላነሳ አሥር ሰው ይደውላል፤ ሁለት ቀን ሙሉ የማይፈለግ ሐበሻ ከየት ይመጣል?

ረቡዕ ዕለት በኤርፖርቱ አጠገብ ካሉት መጋዘኖች ወደ አንዱ ሄድኩ። ጎሹ የሚባል የፎርክሊፍት ሾፌር ቅዳሜ ቅዳሜ ያገር ልጆችን ሰብስቦ ያስሮጣል ብለውኛል። በብሬክ ሰዓቱ ፓርኪንግ ላይ አገኘሁትና ፎቶውን አሳየሁት።

ከእጁ ላይ ሳንድዊቹ ወደቀ። «ሲሞን! ወይኔ ሲሞን!» አለ። ወዲያው ግን ቀና ብሎ አየኝ። «አይደለም። ሊሆን አይችልም። እትዬ፣ ይሄ ሰው ትናንት ቴክስት አድርጎልኛል እኮ!»

«ማክሰኞ?»

ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። ‹ኦቨርታይም ላይ ነኝ። ቅዳሜ እንገናኝ።› ይላል፤ ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ 2፡40። ሲሞን በዚያ ሰዓት የአስከሬን ፍሪጅ ውስጥ ነበር።

ጎሹ ሰኞ ጠዋት የት እንደነበር ጠየቅኩት። ደነገጠ እንጂ አልተቆጣም። የመጋዘኑን የባጅ መዝገብ አስወጣሁ፤ ከንጋቱ 5፡00 ጀምሮ ፎርክሊፍት ላይ ነው። የቀረውን እያለቀሰ ነገረኝ። ሲሞን የሌላ መጋዘን የሌሊት ሠራተኛ ነው። ሰኞ ሰኞ ከሥራ እንደወጣ፣ ሳይተኛ፣ ሃያ ማይል ይሮጣል። የጥቅምቱን ማራቶን ከሁለት ሰዓት ሃያ በታች ልገባ ነው እያለ ነበር። ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር ከሚስቱ ከብርነሽና ከሚስቱ ወንድም ከዮአብ ጋር ነው የሚኖረው።

«ሚስቱስ አልፈለገችውም?»

«ብሬ ሆስፒታል ተኝታለች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ ፕሬዠሯ አልወርድ ብሎ። ዶክተሮቹ ‹ምንም እንዳትደነግጥ፤ እሷም ልጁም ያልቃሉ› ብለዋል።» ፊቱን በማስኩ ጠረገ። «ይሄንን ማን ሊነግራት ነው?»

ማን እንደሚነግራትማ አውቄዋለሁ። እዚህ አገር ሕጉ የቅርብ ቤተሰብ ወዲያው ይነገረዋል ይላል፤ አማርኛ የሚናገር መርማሪ ደግሞ በቢሮው ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። ሐኪሟ ጋ ደውዬ ለመንኩት። «መድኃኒቱ እስኪይዛት ድረስ እስከ ዓርብ ጠዋት ስጪኝ» አለ። አለቃዬ እያጉረመረመ ፈቀደ። እስከ ዓርብ ድረስ ሁለት ነፍስ በኔ እጅ ነው፤ ባሏን ማን እንደገደለው ሳላውቅ ደግሞ ፊቷ መቆም አልፈልግም።

የሲሞንን ስልክ አስፈለግን። ከኮሎምበስ ዳር ጋሃና በምትባለው ከተማ አንድ ቤት አመለከተን።

በሩን የከፈቱልኝ ስልሳውን ያለፉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው ናቸው። ጋሼ ግርማቸው ይባላሉ። የኤርፖርት ሻትል ይነዳሉ፣ በአማርኛ ቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሲሞንንና ብርነሽን ያጋቡትም እሳቸው ናቸው። ባጄን ሲያዩ አልሸሹም። ገብተው ስልኩን አምጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ።

«እኔ ነኝ የምጽፈው» አሉ።

«ለምን ጋሼ?»

«ለምን ትይኛለሽ? ልጅቷን አታውቂም እንዴ? ሰኞ ጠዋት ስልክ አላነሳ ሲል ልፈልገው ሄድኩ፤ አስፋልቱ ዳር ወድቆ አገኘሁት። አልቋል። ስልኩን አነሳሁ። ፖሊስ ብጠራ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው አልጋዋ ድረስ ሄዶ ‹ባልሽ ሞቷል› ይላታል። መርዶ እንደዚያ ይነገራል? ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ ደግፏት ነው። ሆስፒታሉ በኮቪድ አንድ ጎብኚ ብቻ ነው የሚያስገባው። በዙም ልንገራት?»

እውነት ለመናገር ደሜ ፈላ። የአባቴን ሞት እኔ ራሴ በሦስተኛ ወሩ ነው የሰማሁት። ፈተና ላይ ነች ብለው፣ ትደነግጣለች ብለው፣ ዘመድ በሙሉ ተባብሮ ደብቆኝ ነበር። በየሳምንቱ «አባባ ደህና ነው?» ስል «ደህና ነው፣ ተኝቶ ነው» ይሉኝ ነበር። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።

«የሞተ ሰው ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ?»

«አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሰው የሚያልፍበት መንገድ ነው።» ዓይናቸውን ሰበሩ። «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ለሷ ብዬ ነው።»

የሚገርመው አመንኳቸው። ሌላ አገር ሰው ቢሆን የሟችን ስልክ ወስዶ በስሙ የሚጽፍ ገዳይ ነው ይል ነበር፤ ኮልማንም ያለው ይሄንኑ ነው። እኔ ግን ይሄን ዓይነት ሰው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያላመንኩት አስፋልቱ ዳር አገኘሁት ያሉትን ነው። ስለ ነጩ ዱቄት አንድም ቃል አላሉም፤ ስለ በሶውም።

ሐሙስ ከሰዓት ኮልማን አንድ ወረቀት ይዞ መጣ። የተሰነጠቀውን ሰዓት ቴክኒሻኖቹ ቻርጅ አድርገው ከፍተውታል።

«ተቀመጪ» አለኝ።

«ምነው?»

«ተቀመጪ ስልሽ።»

ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ሩጫው ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ በቦዩ ዳር አሥራ አራት ማይል ተኩል፣ ቀጥ ያለ፣ የተስተካከለ ፍጥነት። ከጠዋቱ 7፡04 ላይ ቆመ። ቦታው በቦዩ ላይ ያለው አሮጌው የድንጋይ የውሃ መዝጊያ አጠገብ ነው። 7፡52 ላይ እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ግማሽ ማይል በአንድ ደቂቃ፣ እስከ አስፋልቱ።

«እንደዚህ የሚሮጥ ሰው የለም» አለ ኮልማን። «መኪና ነው።»

ሁለተኛው መስመር የልብ ምቱ ነው። 7፡04 ላይ አልቆመም። ከፍ አለ፣ ወረደ፣ ቀስ እያለ ወረደ። የቆመው 7፡41 ላይ ነው።

ሦስቴ ቆጠርኩት። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ። ከዚያ ቦታ የእሳት አደጋ ጣቢያው በመኪና ስድስት ደቂቃ ነው። አንድ ሰው ስልክ ቢያነሳ ሲሞን ዛሬ በክራች ይሄድ ነበር።

የጋሼ ግርማቸው የስልክ መዝገብም ደርሶናል። ሰኞ 7፡09 ላይ ተደውሎላቸዋል። የደወለው ዮአብ ነው።

ዮአብ ከሥራ ቀርቶ ፎረስት ፓርክ ቤቱ ውስጥ ብቻውን ተቀምጧል። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ኮቪድ ድንበር ከመዝጋቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በዲቪ የመጣ። ስፖንሰር የሆነው ሲሞን ነው፣ ሥራም ያስገባው ሲሞን ነው። ዓይኑ ቀልቷል። በመስኮቱ በኩል የታጠበች ነጭ መኪና ይታያል።

ስለ መኪናዋ አልጠየቅኩትም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና «በሶውን ማን ነበር የሚበጠብጥለት?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ ሳያስብ። «ብሬ ከገባች ወዲህ እኔ...» አለና አፉን በእጁ ያዘው።

ጠበቅኩት። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ መጮህ አላሰኘኝም።

«በየአምስት ማይሉ ነው የምሰጠው» አለ ቀስ ብሎ። «ከኋላው በመኪና እከተለዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳጥን ስንጭን አድረን ነበር። እሱ ይችላል፣ እኔ አልችልም። በቀስታ እየነዳሁ... እትዬ ሰብለ፣ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጨፈንኩ። አንድ ጊዜ ብቻ። ድምፁን ስሰማ ነው የነቃሁት።»

«ከዚያስ?»

«ያናግረኝ ነበር። ‹ብሬ እንዳትሰማ› አለኝ። ይሄንኑ ደጋገመው። እጄን ይዞኝ ነበር።»

«911 ለምን አልደወልክም?»

«ለጋሼ ደወልኩላቸው። ‹አምቡላንስ ልጥራ ወይ?› አልኳቸው። ‹ቆይ፣ ምንም እንዳታደርግ፣ ፖሊስ ከመጣ ብርነሽ ትሰማለች፣ እኔ እመጣለሁ› አሉኝ። መንጃ ፈቃዴም ገና ቴምፕ ነው፣ ብቻዬን መንዳት አይፈቀድልኝም፣ ፈራሁ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው፣ ያውቃሉ ብዬ...» መዳፉን ገልብጦ አየው። «ከመድረሳቸው በፊት እጁ ለቀቀኝ።»

ካቴና ሳጠልቅለት አልተንቀሳቀሰም። «መኪና ውስጥ ሆኜ መተኛት እችላለሁ?» አለኝ። ከሰኞ ጀምሮ አልተኛም ነበር።

ጋሼ ግርማቸውን ኮልማን አመጣቸው። ወረቀቱን ፊታቸው ዘረጋሁላቸው።

«ይሄ የሲሞን ልብ ነው፣ ጋሼ። ሠላሳ ሰባት ደቂቃ መትቷል። ‹ቆይ› ባይሉት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

ረጅም ሰዓት አዩት። «እኔ ስደርስ አልቆ ነበር» አሉ። «አስፋልቱ ዳር ያደረስነውም የማይታወቅ መኪና የገጨው እንዲመስል ነው። ቆይ ያልኩት እንዲህ ይሆናል ብዬ መሰለሽ? አንዲት ልጅ ባልሽን የገደለው ወንድምሽ ነው ተብላ እንዳትሞት ብዬ ነው።» ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ። ላጽናናቸው አልቻልኩም፣ ልሰድባቸውም አልቻልኩም። ያ ሁሉ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ሊወስዷቸው ሲያስነሷቸው ዞሩ። «ለብርነሽ እኔ ልንገራት። ሰዎች ይዤ።»

«አንድ ሰው ነው የሚገባው» አልኳቸው። «እኔ ነኝ።»

ዓርብ ጠዋት ነርሷ ካፖርት መሰል ፕላስቲክ አልብሳ አስገባችኝ። ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ በሩ አጠገብ ቆመ። ብርነሽ በጎኗ ተኝታለች፤ ፊቷ አብጧል፣ ስልኳ ትራሷ ላይ ነው። ሐበሻ መሆኔን ስታይ ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ ሐኪሙን አየች።

«ማን ነው ያረፈው?» አለች። «እማዬ ናት?»

«አይደለችም። ብርነሽ፣ ሲሞን ነው። ሰኞ ጠዋት፣ በቦዩ ዳር ሲሮጥ።»

«ሰኞ?» ግራ ተጋባች። ስልኳን አነሳች። «ትናንት ‹ልጃችን ረገጠችሽ ወይ?› ብሎ የጻፈልኝ ማን ነው ታዲያ?»

«ጋሼ ግርማቸው ናቸው።»

ጩኸቷ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ሐኪሙ ቀረበ፣ ነርሷ ያዘቻት፤ እኔ ጓንት ባጠለቀው እጄ እግሯን ይዤ ቆምኩ። ፕሬዠሩ ወጣ፣ መርፌው ገባ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ እኔን ፈለገች።

«አራት ቀን ዋሽተውኛል። እርስዎም ሊዋሹኝ ነው የመጡት?»

«አይደለም።»

«ወዲያው ነው የሞተው?»

ሐኪሙ ባይገባውም ፊቴን አየኝ። እስክመጣ ድረስ መንገዱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ውሸት ሳዘጋጅ ነበር፤ ይሄንን አልክድም። «ወዲያው» ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሠላሳ ሰባት ደቂቃ ቆይቷል» አልኳት። «አምቡላንስ አልተጠራለትም። ጋሼ ‹ቆይ› ብለው ነው፣ አንቺ እንዳትሰሚ።»

ከንፈሯን ነከሰች። «ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። ዮአብ ነው በመኪና የገጨው። አንቀላፍቶ። እስከ መጨረሻው ድረስ ግን እጁን ይዞት ነበር።»

ይሄኛውን ስትሰማ እንደ መጀመሪያው ትጮሃለች ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ሁለት እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ጣሪያውን እያየች ቆየች። እንባዋ ወደ ጆሮዋ ይወርዳል።

«የጋሼን ፊት እንዳላይ» አለች። «እስክሞት ድረስ እንዳላይ።»

«እሺ።»

«ዮአብ የት ነው?»

«እስር ቤት ነው።»

ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሳ የፕላስቲኩን እጅጌ ያዘችኝ።

«እሱ ሲከፋው ምግብ አይበላም» አለች። «በልቷል?»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «አላውቅም» አልኳት።

«ሂጂና እዪልኝ» አለችኝ፤ ‹እርስዎ› ማለቱን ትታ፣ እንደ ታናሽ እህቷ አዘዘችኝ። «እኔ ነኝ የላክሁሽ በዪው። ፊትሽ ይብላ።»

ታዝዤ ሄድኩ።